ዘር ከልጓም ይስባልን?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት፣ በሐዋሳ፣ የተነበበ ንግግር)



ከዚህ መድረክ ላይ ስለ ኤኮኖሚ፣ ስለ ሕግና ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ግን ማንኛችንም ከቤት ትተነው ልንመጣ የማንችለው፣ እያንዳንዳችን በሥጋችንና በደማችን ውስጥ ተሸክመነው የምንዞረው ነገር ነው። ይኸውም ከእናትና ከአባት የወረስነው ዘረ መል ከውፍረትና ከበሽታ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ትርጓሜውን ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ዛሬ የምንጠይቀው ይህ አባባል በሳይንስ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ምን ያህል እንደሚመዝን ነው። አንድ ሰው የሚወፍረው፣ የስኳር በሽታ የሚይዘው፣ ወይም እግሩ የሚያብጠው በዘሩ ነውን? ወይስ በኑሮው?

ጥያቄው የተማሪ ክርክር ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። «በዘር ነው» ብለን ከደመደምን ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ በጀት የሚመድበው ክፍል ገንዘቡን ለሌላ ያውለዋል፤ ጎረቤትም ከዚያ ቤት ልጅ አልድርም፣ ከዚያ ቤት ልጅ አላመጣም ይላል። «በገዛ እጁ ያመጣው ነው» ብለን ከደመደምን ደግሞ ሕመምተኛውን በሕመሙ ላይ ወቀሳ እንጨምርበታለን። ሁለቱም ፍርዶች ሰው ይጎዳሉ። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ማስረጃውን እንመልከት።

ከትምህርት ክፍላችን ውጪ ላሉት ጓደኞቻችን ጥቂት ማብራሪያ እንስጥ። የሰው አካል የተሠራው ከሕዋሳት ነው። በሕዋሱ እምብርት ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች አሉ፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። በነዚህ ላይ የሰፈረው ትእዛዝ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ሲሆን፣ ከአንዱ ወላጅ የምንወርሰው ጽሑፍ ብቻውን 3 ቢሊዮን ፊደል ያህል ርዝመት አለው። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አካላችን ፕሮቲን የሚሠራበትን ትእዛዝ የያዘው እያንዳንዱ አንቀጽ ዘረ መል፣ በፈረንጆቹ አጠራር ጂን ይባላል። ቁጥራቸው ወደ 20,000 ይደርሳል።

ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ፊደል እንደሚስት ሁሉ፣ ይህም ጽሑፍ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲገለበጥ እዚህና እዚያ ፊደል ይለወጥበታል። የማናቸውም ሁለት ሰዎች ጽሑፍ ጎን ለጎን ቢነበብ ከ1,000 ፊደል 999 ያህሉ አንድ ዓይነት ነው። የቀረችው አንዷ ናት ልዩነት የምታመጣው። አብዛኛው ልዩነት ትርጉም አያፋልስም፤ «ሠላሳ» በንጉሡ «ሠ» ተጻፈ በእሳቱ «ሰ» ንባቡ ያው ነው። አንዳንዱ ግን «በላ» የሚለውን «በራ» እንደሚያደርግ ግድፈት ነው፤ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆናል።

አሁን ወደ ውፍረት እንሂድ። ሐኪሞች ውፍረትን የሚለኩት የሰውየውን ክብደት በኪሎ ወስደው፣ በሜትር የተለካውን ቁመቱን በራሱ አባዝተው፣ የመጀመሪያውን በሁለተኛው በማካፈል ነው። ውጤቱ 25 ሲሞላ ክብደቱ ከመጠን አልፏል ይባላል፤ 30 ሲሞላ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው 87 ኪሎ ሲደርስ ከዚህ መስመር ያልፋል። እንዲህ ያለ ውፍረት የስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትን፣ የልብ በሽታንና አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶችን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው።

በውፍረት ላይ የዘር እጅ እንዳለበት ያለ ጥርጥር ያሳዩት ጥቂት ሕፃናት ናቸው። በ1994 በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ነገር የሚያሠራውን ዘረ መል አገኙ። ሌፕቲን በሰውነታችን የተጠራቀመው ስብ ራሱ ወደ አንጎል የሚልከው መልእክተኛ ነው፤ መልእክቱም «ስንቅ አለን፤ ይብቃ» የሚል ነው። በ1997 በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ የሚሠሩ ሐኪሞች ይህ ዘረ መል የተበላሸባቸውን ሁለት የአጎት ልጆች አገኙ። ልጆቹ ሲወለዱ ክብደታቸው እንደማንኛውም ሕፃን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከቶ የማይጠግቡ፣ ባለማቋረጥ የሚወፍሩ ሆኑ። በ1999 ከሁለቱ አንዷ የጎደላት ሌፕቲን በመርፌ ሲሰጣት የምግብ ፍላጎቷ ረግቦ ክብደቷ እየቀነሰ መሄዱ ታወቀ። ይህችን ልጅ «ሆዳም ነሽ» ብሎ የሚቆጣ ሰው ምን ያህል እንደሚሳሳት አስቡት።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ብልሽት በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚገኝበት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠረው ሰው የሚወፍርበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በ2007 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 38,759 ሰዎችን መርምረው፣ በ16ኛው ክሮሞሶም ላይ ኤፍ ቲ ኦ በተባለው ዘረ መል ውስጥ ያለች የአንዲት ፊደል ልዩነት ከውፍረት ጋር ግንኙነት እንዳላት አሳወቁ። ይህን ልዩነት ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ሰው፣ ከሁለቱም ካልወረሰው ሰው ጋር ሲነጻጸር በአማካይ ወደ 3 ኪሎ ያህል ይበልጣል፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚያጋጥመውም ዕድል ከአንድ ተኩል እጥፍ ጥቂት ያለፈ ነው። ዜናው በዓለም ጋዜጦች «የውፍረት ጂን ተገኘ» ተብሎ ተናፈሰ።

እኛ ግን ቁጥሩን በጥሞና እንመልከተው። ሦስት ኪሎ! የአንድ ሰው የዶሮ ወጥና የክትፎ ሳምንት ሊጨምርለት የሚችለው ነው። ከዚያም ወዲህ ፍለጋው ቀጠለ። በ2015 ከ339,000 በላይ ሰዎች ተመርምረው 97 እንዲህ ያሉ ልዩነቶች ተቆጠሩ። ዘጠና ሰባቱም በአንድነት ተደምረው፣ በሰዎች መካከል ካለው የውፍረት ልዩነት ማስረዳት የቻሉት ከመቶ ሦስት እጅ እንኳን አይሞላም። መንትዮችን በማጥናት የተገኘው ግምት ግን የዘር ድርሻ ከመቶ ከ40 እስከ 70 ይደርሳል የሚል ነው። ከዚህ የምንረዳው ውፍረትን የሚያዝ አንድ ንጉሥ የሆነ ዘረ መል አለመኖሩን ነው። ያለው በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የሚገፉ ዘረ መሎች ሸንጎ ነው። ብዙዎቹም ሥራቸው በአንጎል ውስጥ፣ ረኃብና ጥጋብ በሚወሰንበት ስፍራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ «ታዲያ የመንትዮቹ ጥናት ከመቶ 70 ድረስ የዘር ድርሻ ካለ፣ አባባሉ እውነት መሆኑ አይደለምን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። መልሳችን ይህ ነው። እነዚያ መቶኛዎች የሚናገሩት በአንድ ዘመንና በአንድ ዓይነት ኑሮ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ብቻ ነው። ኑሮው ራሱ ሲለወጥ ስለሚሆነው ነገር አይናገሩም። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲከታተሏቸው የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። በ2015 በወጣው ጥናት እንደታየው፣ ከነዚህ ቤተሰቦች መካከል ከ1942 በኋላ በተወለዱት ላይ የኤፍ ቲ ኦ ልዩነት ከውፍረት ጋር ግንኙነት ሲያሳይ፣ ከዚያ በፊት በተወለዱት ላይ ግን አላሳየም። ልዩነቱ ከአያት ወደ ልጅ የተላለፈው ያው አንዱ ነው። የተለወጠው የሚበላው፣ የሚሠራውና የሚኬድበት መንገድ ነበር። እንደዚሁም በ2011 ከ218,000 የሚበልጡ ሰዎች መረጃ ተሰብስቦ ሲመረመር፣ ሰውነታቸውን በሥራና በእንቅስቃሴ የሚያተጉት ሰዎች፣ ይኸው ልዩነት የሚያመጣባቸው የውፍረት ዕድል ከሩብ በላይ ቀንሶላቸው ተገኝቷል። ልጓሙ፣ እንግዲህ፣ ባዶ ጌጥ አልነበረም።

የኛም ወገኖች የዚህ ምስክር ናቸው። ከኢትዮጵያ ገጠር ወደ እስራኤል የሄዱ ወጣቶች፣ እዚያ በገቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የስኳር በሽታ በመካከላቸው በብዛት መታየቱን የሚገልጽ ጥናት በ1988 ታትሟል። በአውሮፕላን ተሳፍሮ በጥቂት ሰዓት ባሕር የተሻገረ ሰው ዘረ መሉ በመንገድ ላይ አልተለወጠም። የተለወጠው ማዕዱና ውሎው ነው።

ባሕር መሻገርም አያስፈልግም። ከገጠር ወደ ሐዋሳ መምጣት ብቻ ይበቃል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ውኃ ለመቅዳትና ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ረዥም መንገድ በእግራችን ስንሄድ ያደግን ነን። ዛሬ ከግቢው በር እስከ ፒያሳ ባጃጅ ይዘን እንሄዳለን። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ለብስክሌትና ለእግር የእርሷን ያህል የተመቸች ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። የሲዳማ እናቶች በቆጮና በወተት ያሳደጓቸው ልጆች፣ ዛሬ ከትምህርት በኋላ ቦምቦሊኖና ለስላሳ መጠጥ በእጃቸው ይዘው ይታያሉ። የሐይቁ ዓሣ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብልን በዘይት ባሕር ተጠብሶ ነው። ይህን የምንለው ከተሜነትን ለመንቀፍ አይደለም። ስቡን ቆጥቦ የሚያስቀምጥ አካል የተዘጋጀው ለክረምት ረኃብና ለመከራ ጊዜ ሲሆን፣ መከራው ቀርቶ ስኳሩ ሲመጣ ቁጠባው ዕዳ እንደሚሆን ለማሳየት ነው። ጄምስ ኒል የተባለው አሜሪካዊ የዘር ሊቅ በ1962 «ቆጣቢ ዘረ መል» የሚለውን አሳብ ያቀረበው ይህን በመገመት ነበር። አሳቡ እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል፤ ነገር ግን ጥያቄው ለኛ አገር ባዕድ አይደለም።

ስለ ሀገራችን ስንናገር ግን አንድ ነገር ልንዘነጋ አይገባንም። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነው ሴቶች መካከል ከመቶ 22ቱ ከመጠን በላይ የከሱ ሆነው ሲገኙ፣ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው ከመቶ 8 ነበሩ። ስለዚህ ኢትዮጵያ በአንድ ጊዜ ሁለት ሸክም የተሸከመች አገር ናት። በአንዱ ቀበሌ እናት ወተት የሚሆን ምግብ ስታጣ፣ በሌላው ቀበሌ ጎልማሳው ቦርጩን እንደ ማዕረግ ይዞ ይሄዳል። ልማዳችንም ነገሩን ያባብሰዋል። ከእረፍት የተመለሰ ተማሪ «ወፍረሃል፤ ተመችቶሃል!» ሲባል ምርቃት ነው፤ «ከሳህ» ሲባል ደግሞ «ምን ሆነህ ነው? ታመህ ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ረኃብን የሚያውቅ ሕዝብ ውፍረትን ቢወድ አይፈረድበትም። ሆኖም ልማዱ የተፈጠረበት ዘመንና እኛ ያለንበት ዘመን አንድ አይደሉም።

ከዚህ ጋር አያይዘን አንድ የተሳሳተ አሳብ እናርም። ብዙ ሰው የስኳር በሽታን የወፍራምና የሀብታም በሽታ አድርጎ ያስባል። በጎንደር አካባቢ በገጠር የተደረገና በ2009 የታተመ የሐኪሞች ጥናት ግን፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ የስኳር ሕመምተኞች ቀጫጭን፣ ድሆችና በምግብ እጥረት የኖሩ ገበሬዎች መሆናቸውን ገልጿል። እንግዲህ የሆላንድ ወይም የአሜሪካ መጽሐፍ ስለ ስኳር በሽታ የጻፈውን በቃላችን ይዘን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ብንሄድ፣ ከፊታችን የተቀመጠውን ቀጭን ገበሬ ሳናውቀው ልንሸኘው እንችላለን ማለት ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤

እስካሁን ያልነው ሁሉ መንደርደሪያ ነበር። የዘርንና የኑሮን ክርክር ከሁሉ በተሻለ የሚፈርደው በሽታ ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ከከተማችን በስተምዕራብ በወላይታ፣ እንዲሁም በሌሎች ብዙ የሀገራችን ደጋና ወይና ደጋ ቦታዎች፣ ዝናብ በሚበዛበትና ቀይ አፈር ባለበት ምድር፣ የሰዎች እግር ከታች ጀምሮ ያብጣል፤ ይጠነክራል፤ ጣት ከጣት ይጣበቃል፤ አንዳንድ ጊዜም በትኩሳትና በከባድ ሕመም ከአልጋ ይጥላል። ሕዝቡ የእግር ዝሆኔ ይለዋል። በኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ በሽታ የተያዘው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል እንደማያንስ ተገምቷል።

የበሽታውን ምክንያት አንዳንዱ እርግማን ይለዋል፤ ሌላው ክፉ ነገር ረግጦ ነው ይላል፤ አብዛኛው ግን «የቤታቸው ነው፤ በዘራቸው አለ» ይላል። ሐኪሞችም በሌላ አገር በትንኝ የሚተላለፍ ትል ተመሳሳይ እብጠት እንደሚያመጣ ስለሚያውቁ የርሱ ሥራ ይመስላቸው ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ በሽታው ትሉ በሌለበት ከፍታ ላይ መኖሩን፣ የሚገኝበትም ምድር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር መሆኑን አስተዋለ። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ እየገባ፣ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች እያቆሰለ ይዘጋቸዋል። ፕራይስ በሽታውን በግሪክ ቃል እግርንና አቧራን አገናኝቶ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው።

ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ቀረ። በአንድ መንደር፣ በአንድ ማሳ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ባዶ እግር የሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። አንዱ እግሩ ያብጣል፤ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ያረጃል። ለምን? እዚህ ላይ የመንደሩ ሰው ፍጹም አልተሳሳተም ነበር። በ2007 የወላይታ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ተከትሎ የወጣው ጥናት፣ በሽታው ማንን እንደሚይዝ በመወሰን ረገድ የዘር ድርሻ ከመቶ 63 እንደሚሆን ገመተ። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን መርምረው ውጤቱን በታወቀው በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ልዩነቱ የተገኘው ሰውነት የራሱን ወገን ከባዕድ የሚለይባቸውን ዘበኞች በሚሠሩት ዘረ መሎች አካባቢ ነው። አንዳንዱን ልዩነት የያዘ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ሁለት እጥፍ ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ይሆናል። የነዚህ ሰዎች ዘበኞች የአፈሩን ብናኝ ሲያዩ እንደ ጠላት ጦር ተነሥተው ይዋጋሉ፤ በውጊያውም የሚቃጠለው የገዛ አገራቸው ነው።

ታዲያ «በዘር ነው» ያለው ሰው ረታን? እስቲ የቀረውን ታሪክ ስሙ። ይህ በሽታ በቀደመው ዘመን በፈረንሳይ፣ በስኮትላንድና በአየርላንድ ገበሬዎች ላይ ይታይ እንደነበር ተጽፏል። ዛሬ በዚያ አገር የለም። የጠፋው የዘር ምርጫ ተደርጎ፣ ወይም የታመሙ ቤተሰቦች ከጋብቻ ተከልክለው አይደለም። ሕዝቡ ጫማ አደረገ፤ በሽታው ጠፋ። ከመቶ 63 የዘር ድርሻ አለው የተባለውን በሽታ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ይገቱታል። ይህን እውነት አንድ ጊዜ በሚገባ የተረዳ ሰው «የዘር በሽታ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ንግግር ዳግመኛ በአፉ አያደርገውም። ለታመሙትም ተስፋ አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተካፈሉበትና በ2018 የታተመው ጥናት፣ እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ከአልጋ የሚጥለውን የሕመም መነሣት እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ጉዳቱ ግን በእግር ላይ ብቻ አይቀርም። ዝሆኔ ካለበት ቤት የወጣች ልጅ እግሯ ጤነኛ ቢሆንም ጠያቂ ይርቃታል። ሕመምተኛው በሠርግና በለቅሶ ቤት ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ልጁም በትምህርት ቤት መሳለቂያ ይሆናል። ተመራማሪዎች ወደ ወላይታ ሄደው ስለ ዘር ጥናት ፈቃድ ሲጠይቁ ይህ መገለል ምን ያህል ከባድ ችግር እንደሚሆን ራሱን የቻለ ጥናት ተደርጎበት በ2009 ታትሟል። ቤተሰቡ የሚፈራው ነገር ግልጽ ነው፤ ሊቃውንቱ «በዘር ነው» ካሉ ጎረቤት ሲያወራው የኖረውን በማኅተም ማጽደቃቸው ነው። ስለዚህ ሳይንሱን በትክክል የመተርጐም ሥራ በላቦራቶሪ አያልቅም። ትርጓሜው የሚያልቀው በገበያና በለቅሶ ቤት ነው።

በመጨረሻ፣ ይህ ዕውቀት የማን እንደሆነ ሁለት ቃል እንናገር። በ2016 በወጣ ቆጠራ መሠረት፣ እንዲህ ባሉ ሰፊ የዘረ መል ጥናቶች ከተካፈሉት ሰዎች መካከል ከመቶ 81ዱ የአውሮፓ ዘር ሲሆኑ፣ የአፍሪካ ዘር የሆኑት ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። «የአፍሪካ» የሚለው ስም ራሱ ያታልላል። በ2010 በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የኩላሊት በሽታን ዕድል እጅግ ከፍ የሚያደርጉ፣ አፖ ኤል 1 በተባለ ዘረ መል ላይ ያሉ ልዩነቶች ተገኙ፤ መነሻቸው ምዕራብ አፍሪካ ነው። በ2011 ግን በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ምርመራ እነዚያን ልዩነቶች አላገኘባቸውም፤ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚመጣው ያ የኩላሊት ጉዳትም በተመረመሩት ላይ አልታየም። ስለዚህ ለጥቁር ሁሉ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ለኛ ላይሠራ ይችላል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በ1996 ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ በጉበት ውስጥ መድኃኒትን የሚፈጭ አንድ ዘረ መል በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ 29ኙ ላይ ተደራርቦ፣ ከሁለት በላይ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ሰው ለሕመም ማስታገሻና ለሳል የሚሰጠውን ኮዴይን ሲውጥ፣ ጉበቱ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጥበታል፤ ለሌላው መድኃኒት የሆነው መጠን ለርሱ፣ ይልቁንም ለሕፃን፣ አደጋ ሊሆን ይችላል። በሌላ ሕዝብ ላይ ተመዝኖ የመጣ መድኃኒት በኛ ሚዛን ዳግመኛ ሊመዘን እንደሚገባው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለኅብረታችን አራት አሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በሚመጣው ክረምት ወደየአገራችን ስንበተን፣ ዝሆኔ ካለበት አካባቢ የምንሄድ ተማሪዎች ስለ ጫማና ስለ እግር መታጠብ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በዕድር እንድናስተምር፤ ከመሄዳችንም በፊት በግቢያችን ለሕፃናት የሚሆን ጫማ እንድንሰበስብ። አዋቂውን ለማዳን የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ ሕፃኑን ለመጠበቅ ግን በጊዜ የተደረገ አንድ ጫማ ይበቃል።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዳችን በቤታችን ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ በሽታ የያዘው ዘመድ መኖሩን እናታችንንና አባታችንን በአክብሮት እንድንጠይቅ። ዛሬ በሀገራችን ለብዙው ሰው ከማናቸውም የዘረ መል ምርመራ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ጥያቄ ነው፤ ዋጋውም ምንም አይደለም። መልሱ «አዎን» የሆነ ተማሪ የደም ግፊቱንና ስኳሩን ጊዜ እየጠበቀ ያስለካ፤ ለስላሳውን በውኃ፣ ባጃጁን በእግር ይለውጥ።

ሦስተኛ፤ የሕክምና፣ የሥነ ሕይወትና የእርሻ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲመርጡ ወደዚህ መስክ እንዲመለከቱ፣ መምህራኖቻችንም እንዲመሩን እንለምናለን። ከመቶ 3 የሚለው ቁጥር የሚለወጠው ሌሎች ስለኛ እስኪጽፉ በመጠበቅ አይደለም።

አራተኛ፤ ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ አፋችንን እንድንጠብቅ። ወፍራሙን ጓደኛችንን በመኝታ ክፍል ማላገጫ ከማድረግ፣ እግሩ ያበጠውን ሰው በመንገድ ዞረን ከማየት፣ ስለ አንድ ቤተሰብ «በዘራቸው አለ» ከማለት እንቆጠብ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይህን ያልተማረ ሰው የቀረው ትምህርት ብዙም አይጠቅመው።

ዘር ይስባል፤ ይህን አንክድም። ቁጥሮቹን አይታችኋል። ነገር ግን ልጓሙን የሚይዘው ማን እንደሆነ ደግሞ አይታችኋል። አንዳንዱ ልጓም በግለሰቡ እጅ ነው፤ የሚበላውና የሚሄድበት ነው። የበለጠው ግን በኅብረተሰቡ እጅ ነው፤ የጫማ ዋጋ፣ የንጹሕ ውኃ መገኘት፣ የእግረኛ መንገድ፣ የእርጉዝ እናት ማዕድ ነው። የወረስነውን መምረጥ አንችልም። የወረስነው ነገር የሚያርፍበትን ምድር ግን የምናዘጋጀው እኛው ነን።

ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ ጓደኞች አሁኑኑ ብትሰነዝሩልን ደስ ይለናል።